የሃምስተር እንቁላል፣ የላም እንቁላል እና የኦክስፎርዱ ተመራጭ፦ ኢቫን ሃሪስና የ2008ቱ የእንግሊዝ የኤምብሪዮ ህግ

ከሃምስተሯ ብንጀምር ይሻላል። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1990 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው) ያወጣው የሰው ልጅ ፅንሰትና ኤምብሪዮ (በትምህርት ቤት አማርኛችን ሽል የምንለው) ህግ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይላት አንዲት ፍቃድ ነበረች። የወንድ ስፐርም ጤነኛ መሆኑን ለመፈተሽ ከሃምስተር እንቁላል ጋር መቀላቀል ይቻላል፣ ብቻ ፈተናው እንዳለቀ የተፈጠረው ነገር ይወገዳል፣ ምንም ቢሆን ግን ከሁለት ሴል ደረጃ አያልፍም ይላል። ሃምስተር ማለት ያቺ አይጥ መሳይ፣ ጉንጯ ውስጥ እህል የምታጭቀው ትንሽዬ እንስሳ ናት። እና የሰው ዘርና የእንስሳ እንቁላል በህግ ተፈቅዶ በአንድ ሳህን ላይ ሲገናኝ አመታት አለፉ፣ በሃምስተሯ ምክንያት መንግስት ሲናወጥ የሰማ የለም።

በዲሴምበር 2006 ግን መንግስት የድሮውን ህግ ላድስ ነው ብሎ የፖሊሲ ሰነድ አወጣና የሰውና የእንስሳ የተቀላቀለበት ኤምብሪዮ በላብራቶሪ መስራት ይከልከል አለ፣ ወደፊት ካስፈለገ በኋላ በሚወጣ ደንብ ሊፈቀድ የሚችልበት ቀዳዳ ብቻ ትቶ። ከዛ በፊት በነበረው ህዝባዊ ምክክር መልስ ከላኩት አብዛኞቹ ተቃውመው ስለነበር መንግስት በቃ ህዝቡ አልፈለገም ብሎ ደመደመ። እዚህ ላይ ነው የዚህ ፅሁፍ ባለጉዳይ የሚገባው፣ ዶክተር ኢቫን ሃሪስ።

ሃሪስ ከ1997 እስከ 2010 የኦክስፎርድ ዌስት ኤንድ አቢንግደን የፓርላማ ተመራጭ ነበር፣ የሊበራል ዴሞክራት ፓርቲ ሰው። ፓርላማ ከመግባቱ በፊት እዛው ኦክስፎርድ ህክምና ተምሮ የሆስፒታል ሃኪም የነበረ፣ ከ2005 እስከ 2010 ደግሞ የፓርቲው የሳይንስ ቃል አቀባይ። ሊበራል ዴሞክራት እንግዲህ ያኔ ሶስተኛ ፓርቲ ነው፣ ሚኒስትር የለውም፣ በራሱ ህግ የማስወጣት አቅም የለውም። ሰውየው የነበረው አንድ ወንበር፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቋሚ ኮሚቴ አባልነት እና ከሌላው ቀድሞ ወረቀት የማንበብ ፀባይ ነው። ጉዳዩን ለመፃፍ ያነሳሳኝም ይሄ ነው፣ ስልጣን የሌለው ተመራጭ በምን በኩል ነው ህግ ላይ እጁን የሚያሳርፈው?

ወደ ኋላ መመለስ አለብን፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ፓርላማው የራሱ ጠባሳ አለው። የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርም በላብራቶሪ ሳህን የሚገናኙበት ዘዴ) ልጅ ሉዊዝ ብራውን ኦልድሃም ከተማ በጁላይ 25፣ 1978 ተወለደች። መንግስት ግራ ሲገባው በ1982 በፈላስፋዋ ሜሪ ዋርኖክ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ኮሚቴው በ1984 ሪፖርቱን አቀረበ፣ ዛሬ ድረስ ያለው የ14 ቀን ገደብ የመጣው ከዛ ነው። ከ14 ቀን በኋላ ኤምብሪዮ በላብራቶሪ ማቆየት አይቻልም፣ ምክንያቱም 15ኛው ቀን አካባቢ ነው የወደፊቱ የጀርባ መስመር ብቅ የሚለው፣ ከዛ በፊት ያቺ የሴል ኳስ ለሁለት ተከፍላ መንታም ልትሆን ትችላለች። ሪፖርቱ ህግ ሳይሆን ታዲያ ኢኖክ ፓወል የሚባሉት አንጋፋ ተመራጭ የኤምብሪዮ ምርምርን ጭራሽ የሚዘጋ ረቂቅ በግላቸው ይዘው መጡ፣ በፌብሩዋሪ 1985 በሁለተኛ ንባብ 238 ለ66 አለፈላቸው። አያችሁ ልዩነቱን? ምርምሩ ሊያበቃለት ነበር። ያዳነው ሳይንስ አይደለም፣ ዴኒስ ስኪነር የሚባል የከሰል ማእድን ሰራተኛ የነበረ የሌበር ፓርቲ ሰው ነው። በጁን 7፣ 1985 ለፓወል ረቂቅ ተጨማሪ ሰአት ሊጠየቅ በነበረበት ቀን ስኪነር ተነስቶ ብሬከን ኤንድ ራድነር ስለሚባል ወረዳ ማሟያ ምርጫ ሞሽን (የውሳኔ ሃሳብ) አቀረበና ስለ ምርጫው እያወራ እያወራ ቀኑን ጨረሰው። የፓርላማ ደንብ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው፣ ላብራቶሪ ገብቶ አያውቅም ግን ላብራቶሪውን አተረፈው። ከ5 አመት በኋላ በኤፕሪል 1990 ያው ምክር ቤት ምርምሩን 364 ለ193 ፈቀደ። በመሃል የሳይንቲስቶችና የታማሚ ቤተሰቦች ቅስቀሳ ነበር፣ ደግሞ ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩት ከለንደኑ ሃመርስሚዝ ሆስፒታል ኤምብሪዮን ከማህፀን በፊት መርምሮ በዘር ከሚተላለፍ በሽታ ነፃ የሆነውን መምረጥ እንደተቻለ የሚያሳይ ጥናት ታትሟል።

ሃሪስ የወረሰው ይሄን ታሪክ ነው። ከ2006 በፊት አንድ ልምምድ ደግሞ አድርጓል፣ እሱም በከፊል የከሸፈ። በኢያን ጊብሰን ሊቀመንበርነት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚቴው የ1990ውን ህግ ከላይ እስከ ታች ገምግሞ በማርች 2005 ትልቅ ሪፖርት አወጣ። ሃኪሙ ለመሃንነት ህክምና ከመጀመሩ በፊት «ልጁ አባት ያስፈልገዋል» የሚለውን ነገር እንዲያስብ የሚያስገድደው አንቀፅ ይውጣ፣ ብቸኛ ሴቶችንና ሌዝቢያን ጥንዶችን ያለ ምክንያት ያስቀይማል አለ። የልጅን ፆታ መምረጥንም ቢሆን ለመከልከል በቂ ምክንያት አላየንም እስከማለት ሄደ። ችግሩ ግን 5 የኮሚቴው አባላት በዚህ ሪፖርት ስማችን አይነሳ አሉ። ኮሚቴ ተሰንጥቆ ሲወጣ ሪፖርቱ ምን ያህል ክብደት እንደሚያጣ ታውቃላችሁ፣ ጋዜጣው ስለ ይዘቱ ትቶ ስለ ጠቡ ፃፈ፣ መንግስትም የሚመቸውን መርጦ ወሰደ። እኔ እንደማነበው ኮሚቴው በ2007 ያሳየው ጥንቃቄ (ወደሱ እመጣለሁ) የመጣው ከዚህ ቁስል ነው።

አሁን ወደ ላሟ። የኪንግስ ኮሌጅ ለንደንና የኒውካስል ተመራማሪዎች በኖቬምበር 2006 የኤምብሪዮ ምርምር ፍቃድ ለሚሰጠው ተቆጣጣሪ ባለስልጣን ማመልከቻ አስገብተው ነበር። የፈለጉት ነገር በስም ሲሰሙት ያስፈራል፣ ሲያዩት ግን እንዲህ ነው፦ ከቄራ የመጣ የላም እንቁልጢ አለ፣ ከሱ እንቁላል ይወጣል፣ በማይክሮስኮፕ ስር ከፀጉር በቀጠነች የመስታወት መርፌ የላሟ ኒውክለስ (አብዛኛው ዲኤንኤ ያለበት የሴሉ እምብርት) ተመጥጦ ይጣላል፣ በቦታው ለምሳሌ ከአንድ ሰው ቆዳ የተወሰደ ሴል ይገባል፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቀሳል፣ እና እንቁላሉ የተፀነሰ መስሎት መከፋፈል ይጀምራል። ከላሟ የሚቀረው በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ማይቶኮንድሪያ (ሃይል የሚያመነጨው፣ የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ ያለው ክፍል) ነው፣ 99.9 በመቶ የሚሆነው ዲኤንኤ የሰው ነው። ከዛ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ አይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል) አውጥቶ የፓርኪንሰን ወይ የሞተር ነርቭ በሽታ ያለበት ሰው ሴል እንዴት እየተበላሸ እንደሚሄድ በሳህን ላይ ማጥናት ነው ሃሳቡ። ለምን የላም? የሰው እንቁላል ስለሌለ። የሰው እንቁላል ለማግኘት አንዲት ሴት ቀናት ሙሉ የሆርሞን መርፌ ተወግታ፣ ከዛ በሴት ብልት በኩል በገባ መርፌ ከእንቁልጢዋ ተቀድቶ ነው፣ የሚገኘውም ጥቂት ነው፣ እሱንም ልጅ ፈልጋ ለመጣች ሴት እንጂ አስሩን አበላሽቶ አንዱን ለሚሞክር ላብራቶሪ ስጡ ማለት ይከብዳል።

ባለስልጣኑ በጃንዋሪ 2007 ማመልከቻዎቹን አልፈቅድም አልከለክልምም፣ መጀመሪያ ህዝብ ላማክር ብሎ አሳደራቸው። ሃሪስ ያለበት ኮሚቴ፣ አሁን በፊል ዊሊስ ሊቀመንበርነት፣ ያን ክፍተት ተጠቅሞ ወዲያው ምርመራ ከፈተ። ለኔ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። የእንግሊዝ ቋሚ ኮሚቴ ህግ አይከለክልም አያፀድቅም፣ ግን ሚኒስትርን ጠርቶ በካሜራ ፊት «ይሄን ክልከላ የፃፋችሁት በምን ማስረጃ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ ሪፖርት ሲያወጣም መንግስት በ2 ወር ውስጥ በፅሁፍ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ሰነዱ ላይ «ህዝቡ አልፈለገም» ተብሎ የተፃፈው ማን ሲጠየቅ ነው? ለምክክር ደብዳቤ የሚፅፈው እኮ ብዙ ጊዜ ነገሩ ያንገበገበው ሰው ነው፣ ደንታ የሌለው አይፅፍም፣ ታማሚውም ሆስፒታል ነው ያለው።

በኤፕሪል 2007 የወጣው ሪፖርት ከ2005ቱ በጣም የተለየ ነው። ጠባብ ነው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው፣ የመንግስት ሃሳብ ከሚገባው በላይ ከልካይ ነው፣ የላም እንቁላሉ ስራ በፍቃድ ይሁን፣ የ14 ቀኑ ገደብ ይኑር፣ ወደ ሴትም ወደ እንስሳም ማህፀን ማስገባት ክልክል ይሁን። ያ ሁሉ «ሁሉም ይከለስ» የሚል የ2005 ጉልበት ወደ አንዲት ቀጭን ክር ተጠቀለለ። በሜይ ወር ረቂቁ ሲወጣ መንግስት ሃሳቡን ቀይሮ ነበር፣ ከላም እንቁላል የሚሰራው አይነት በፍቃድ ይቻላል ብሎ መጣ። 5 ወር ብቻ! መንግስት ራሱ የፃፈውን ክልከላ በ5 ወር ሲያጥፍ ብዙ አይታይም። በርግጥ ኮሚቴው ብቻውን አይደለም፣ ሳይንቲስቶቹ ተሰባስበው በጋዜጣ ደብዳቤ አውጥተዋል፣ የታማሚ ማህበራት ጮኸዋል፣ ግን ያን ጩኸት መንግስት መልስ ሊሰጥበት ወደሚገደድ ሰነድ የቀየረው ኮሚቴው ነው።

ከዛ ህጉ በኖቬምበር 2007 በሎርዶች ምክር ቤት በኩል ገባ፣ ባለስልጣኑም በጃንዋሪ 2008 ለሁለቱ ቡድኖች ፍቃድ ሰጠ፣ በኤፕሪል 1 ኒውካስል ሰራነው አለ (ቀኑን አይታችሁ የሚያሾፉ መስሏችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም)፣ 3 ቀን የቆየ፣ ከሁሉ የበለጠው 32 ሴል የደረሰ። ከዛ በፊት በፋሲካ ሰሞን የስኮትላንዱ ካርዲናል ኪት ኦብራየን ነገሩን ከፍራንከንስታይን ጋር አያይዘው ከመድረክ አውግዘውት ነበር፣ ከሌበር ውስጥ ካቶሊክ ሚኒስትሮችም ቅሬታ አነሱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን መጀመሪያ ተሟገቱ፣ በኋላ ግን በሶስት ነጥቦች ላይ አባሎቻቸው እንደ ህሊናቸው ይምረጡ አሉ፦ በተቀላቀለ ኤምብሪዮ፣ ለታመመ ወንድም ወይ እህት የእትብት ደምና መቅኔ የሚስማማ ልጅ መርጦ በመውለድ፣ እና በዛ «አባት ያስፈልጋል» በሚለው ሃረግ።

የህሊና ድምፅ ሲባል ቀላል ይመስላል፣ ግን ያኔ የነበረውን አዳራሽ አስቡት። ደወል ይጮሃል፣ 8 ደቂቃ አለህ፣ አንዱ ከእራት ተነስቶ፣ አንዱ ከቢሮው እየሮጠ ይመጣል። ደግፈህ ከሆነ በቀኝ ኮሪደር፣ ተቃውመህ ከሆነ በግራ ኮሪደር ትገባለህ፣ ፀሃፊዎች ስምህን ይይዛሉ፣ በሩ ይዘጋል። በሌላ ቀን የፓርቲ ተጠሪው በሩ ላይ ቆሞ በዚህ ግባ ይልሃል። በህሊና ድምፅ ግን ጠቋሚ የለም፣ ክርክሩን ያልሰማ ሰው «ይቺኛዋ ማሻሻያ የቱ ናት?» ብሎ የሚያምነውን ሰው ነው የሚጠይቀው። እንደዚህ አይነት ማታ ላይ ሃኪም የሆነ፣ አንቀፁን በቁጥር የሚያውቅ፣ በሁለት ሪፖርት ያለፈ ሰው ወንበሩ ላይ መኖሩ ከፓርቲው ብዛት በላይ ይመዝናል፣ ሃሪስ ደግሞ ፀጥ ብሎ የሚቀመጥ አይነት አልነበረም።

በሜይ 19፣ 2008 ኤድዋርድ ሊ የሚባሉት ወግ አጥባቂ ያቀረቡት ሁሉንም አይነት ቅልቅል የሚከለክል ማሻሻያ 336 ለ176 ወደቀ። ወዲያው ሁለተኛ ማሻሻያ መጣ፣ «እውነተኛ» የሚባለውን ቅልቅል ማለትም የሰው ስፐርም በእንስሳ እንቁላል ወይ የተገላቢጦሽ የሆነውን ብቻ የሚከለክል፣ እሱም ወደቀ ግን 286 ለ223። ልዩነቱን ተመልከቱት፣ ከ160 ወደ 63 ወረደ። ይሄ ደስ የሚለኝ ቁጥር ነው፣ ሰዎቹ በጭፍን እንዳልሄዱ ያሳያል፣ የላም እንቁላል የሚለውን የተቀበሉ ብዙዎች ግማሽ በግማሽ ሲባል እዛ ጋ ቆሙ። ወንድም እህት ለማዳን የሚመረጠውን ኤምብሪዮ ለመከልከል የቀረበው 342 ለ163 ወደቀ። በማግስቱ ኢያን ደንካን ስሚዝ አባት የሚለው ቃል ይቆይ ብለው ያቀረቡት 292 ለ217 ተሸነፈ፣ ህጉ ውስጥ የገባው «ደጋፊ ወላጅነት» የሚል ሃረግ ሆነ። በ2005 ሪፖርቱን የሰነጠቀው ሃሳብ ከ3 አመት በኋላ ህግ ሆነ ማለት ነው፣ ሰንጣቂዎቹ ስላመኑ ሳይሆን ጉዳዩ ከአንድ ትልቅ ጥቅል ወጥቶ ለብቻው ስለተጠየቀ ይመስለኛል።

አሁን ሃሪስን የምወቅስበት ላይ ልምጣ። ያው ህግ ላይ የፅንስ ማቋረጥ ጉዳይ ተንጠለጠለ። መጀመሪያ ያንጠለጠሉት ሌሎች ናቸው፣ 24 ሳምንት የነበረውን ገደብ ዝቅ ለማድረግ፣ 22 ሳምንት የሚለው 304 ለ233 ወደቀ፣ 20 የሚለው 332 ለ190። ሃሪስ ግን በዛ ድል ተበረታቶ ከሌሎች ጋር ሆኖ በተቃራኒው ህጉን ለማላላት ለመጨረሻው ዙር ማሻሻያ አዘጋጀ፣ ለምሳሌ ነርሶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደረገውን ማቋረጥ እንዲሰሩ የሚፈቅድ። መንግስት በኦክቶበር 22 የክርክሩን ቅደም ተከተል አስተካክሎ እነዚህ ማሻሻያዎች ሳይደርሱ ሰአቱ እንዲያልቅ አደረገ። ስኪነር በ1985 በሰአት አሸነፈ፣ ሃሪስ በ2008 በሰአት ተሸነፈ። ሃሳቡ ትክክል ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው፣ እኔ የምለው ግን አንዲትን ጠባብ ክር ይዞ ያሸነፈ ሰው መጨረሻ ላይ ክሩን ለምን አሰፋው? ለሚጠሉት ሰዎች ስንቅ ነው ያቀበላቸው። ህጉ ግን በዛው ቀን 355 ለ129 አለፈ፣ በኖቬምበር 13፣ 2008 የንግስቲቱን ይሁንታ አገኘ።

ከዛስ? ከዛማ ላሟ ተረሳች። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ተራ የቆዳ ሴልን ያለ ምንም እንቁላል ወደ ስቴም ሴል መሰል ሁኔታ መመለስ እንደሚቻል በአይጥ በ2006፣ በሰው በኖቬምበር 2007 አሳይቶ ነበር፣ ማለትም ፓርላማው ድምፅ ከመስጠቱ 6 ወር በፊት። ዶሊን፣ ያቺን በክሎን የተሰራች በግ፣ ያስወለደው ኢያን ዊልመት እንኳን ያኔ ወደዛ መንገድ ዞሬያለሁ ብሏል። ተቃዋሚዎቹ ይሄን በክርክሩ ላይ አንስተዋል፣ ትክክልም ነበሩ፣ ደጋፊዎቹ ግን የትኛው መንገድ እንደሚሰራ ሳይታወቅ አንዱን በር አትዝጉ ነው መልሳቸው። በ2009 መጀመሪያ ላይ ለምርምር ገንዘብ የሚሰጡት ምክር ቤቶች የቅልቅል ኤምብሪዮ ማመልከቻዎቹን ገንዘብ እንደነፈጓቸው ተሰማ፣ ስራው ቆመ። በ2012 ኖቤል ያማናካ ጋ ሄደ። ያ ሁሉ ስብከት፣ ያ ሁሉ ሩጫ፣ ለታማሚዎቹ ከላም እንቁላል የመጣ አንድ መድሃኒት የለም። ደጋፊው ወገን በዛ ወቅት ፈውስ ፈውስ እያለ ያወራበት መንገድ አሁን ሲነበብ ያሳፍራል።

ሃሪስ ራሱ በሜይ 2010 ምርጫ ወንበሩን አጣ። በ2005 በ7,683 ድምፅ ልዩነት ያሸነፈበት ወረዳ ድንበሩ ተቀይሮ ነበር፣ ተቃዋሚዎቹም «ዶክተር ሞት» የሚል ቅፅል ስም አውጥተውለታል፣ እና በ176 ድምፅ ተሸነፈ። አዎ 176፣ ልክ በዛ ማታ ክልከላውን የደገፉት ተመራጮች ቁጥር። ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን መጀመሪያ ሳየው ሁለቴ ነው የቆጠርኩት።

እዛ ህግ ውስጥ ግን በነዚያ ሁለት የሜይ ማታዎች ለብቻዋ ድምፅ ያልተሰጠባት አንዲት ንኡስ አንቀፅ ነበረች። ከእናት የሚወረስ ከባድ የማይቶኮንድሪያ በሽታን ለመከላከል ተብሎ የተነካካ እንቁላል ወይ ኤምብሪዮ፣ ወደፊት ፓርላማው ደንብ ካወጣለት፣ ለህክምና ሊፈቀድ ይችላል ትላለች። ማለትም የአንዲትን ሴት ኒውክለስ አውጥቶ ማይቶኮንድሪያው ጤነኛ በሆነ የሌላ ሴት እንቁላል ውስጥ ማስገባት፣ የእጁ ስራ ከላሟ ጋር ይመሳሰላል፣ የላሟ ቦታ ላይ ግን ለጋሽ ሴት ናት። ደንቡ በፌብሩዋሪ 3፣ 2015 ቀረበ፣ 382 ለ128 አለፈ፣ በሎርዶቹም በዛው ወር 280 ለ48። ሃሪስ ያን ቀን በየትኛውም ኮሪደር አልገባም፣ ተመራጭነቱ ካበቃ 5 አመት ሊሞላው ነበር። የመጀመሪያው የህክምና ፍቃድ በ2017 ለኒውካስል ተሰጠ፣ በጁላይ 2025 ደግሞ ቡድኑ በዚህ መንገድ ከ7 ሴቶች የተወለዱ 8 ልጆች መኖራቸውን አሳተመ፣ 4 ሴት 4 ወንድ፣ ሁለቱ መንታ።